ሰላምም በጀት ይፈልጋል

በደቡባዊና በማዕከላዊ ሶማሊያ መንገዶች የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው አልሸባብ በሚቆጣጠረው ኬላ ላይ የተጠየቀውን ሲከፍል ደረሰኝ ይሰጠዋል። ደረሰኙን በሚቀጥለው የቡድኑ ኬላ ላይ ካሳየ ለዚያው ጭነት ሁለተኛ ጊዜ አይከፍልም። የመንግሥት ወታደሮችና የየአካባቢው ሚሊሻዎች በቆሙባቸው ኬላዎች ግን የሚጠየቀው ገንዘብ እንደ ጠያቂው ይለያያል፤ ደረሰኝም የለም፤ መኪናው ጥቂት እንደተጓዘ ደግሞ ሌላ ጠያቂ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት ቡድኑን አምርረው የሚጠሉ ነጋዴዎች ጭምር ዕቃቸውን በእርሱ መንገድ ማሳለፍን የሚመርጡበት ጊዜ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2018 ባቀረበው ሪፖርት አንድ ኬላ ብቻውን በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ ገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ታጠቁ ቡድኖች ገንዘብ ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በድብቅ የሚሻገር ሻንጣ፣ በሩቅ አገር የተቀመጠ ባለሀብት ወይም የጎረቤት መንግሥት የስለላ ድርጅት ነው። እነዚህ ሁሉ በእርግጥ አሉ። ሆኖም ለረጅም ዘመን የቆዩ ብዙ ቡድኖች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚሰበስቡት በጠራራ ፀሐይ፣ በቁጥጥራቸው ሥር ከሚኖረው ሕዝብ፣ ግብር በሚመስል መንገድ ነው። የገንዘባቸውን ምንጭ ማወቅ የፖሊስና የባንክ ባለሙያዎች ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። አንድ ቡድን ሕዝቡን እንዴት እንደሚይዝ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ከማን ጋር ለመደራደር እንደሚገደድ፣ ውጊያው ሲያበቃም ተዋጊዎቹ ወዴት እንደሚበተኑ ከገቢው ምንጭ ብዙ ማንበብ ይቻላል። በየአገሩ የሆነውን እያስተያየሁ የደረስኩበት እምነት የሚከተለው ነው፦ ገንዘቡን መቁረጥ ቡድንን ያደክመዋል እንጂ ሰላማዊ አያደርገውም፤ በጦርነት ሲኖር የነበረ ሰው ነገ በምን እንደሚኖርና ማን እንደሚጠብቀው በተጨባጭ ካልተመለሰለት የተፈረመው ወረቀት ብዙ አይዘልቅም።

የውጭ መንግሥት የሚቀልበው ቡድን አንድ ዓይነት ጠባይ አለው። የሞዛምቢኩ ሬናሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲመሠረት ያቋቋመው በነጮች ይገዛ የነበረው የሮዴሲያ መንግሥት የስለላ ድርጅት ነበር። ሮዴሲያ በ1980 ዚምባብዌ ስትሆን ቡድኑን የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ተረከበችው። በ1984 ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ አንዱ የሌላውን አማፂ ላለመርዳት በንኮማቲ ስምምነት ቢፈራረሙም ድጋፉ በስውር ቀጠለ። መሣሪያው ከድንበር ማዶ የሚመጣለት ቡድን የገበሬውን ልብ የመግዛት ግዴታ የለበትም፤ ሬናሞም ሰዎችን አፍኖ በመመልመል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በማቃጠል ይታወቅ ነበር። በሌላ በኩል እንዲህ ያለው ቡድን ደጋፊው ፊቱን ሲያዞርበት የሚይዘው ነገር ያጣል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያከትም፣ አፓርታይድ ሲዳከምና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ አገሩን ሲመታ ሬናሞ ከገበሬው ነጥቆ የሚበላው እንኳ አልቀረለትም። ወደ ሮም የድርድር ጠረጴዛ ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በአንጎላ የሆነውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ዩኒታም በውጭ ድጋፍ የኖረ ቡድን ነበር፤ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ይረዳ ነበር። ልዩነቱ ድጋፉ ሲቋረጥ ከእግሩ ሥር አልማዝ ማግኘቱ ነው። በ1992 ምርጫ ተሸንፎ ወደ ጫካ ሲመለስ የኩዋንጎን ሸለቆ የአልማዝ ማውጫዎች ያዘ። ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት ቡድኑ ከ1992 እስከ 1998 ከአልማዝ ያገኘውን ገቢ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ ገምቶታል። በ1994 የሉሳካ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ነገር ግን የራሱ ገንዘብና የራሱ የአቅርቦት አውሮፕላን ያለው መሪ ጊዜ መግዛት ይችላልና ስምምነቱ የትጥቅ ማደሻ ዕረፍት ሆነ። የጸጥታው ምክር ቤት በ1998 ያለ መንግሥት ማረጋገጫ የሚወጣን የአንጎላ አልማዝ መግዛት ከለከለ። በካናዳዊው አምባሳደር ሮበርት ፋውለር የሚመራው የማዕቀብ ኮሚቴ በ2000 ያወጣው ሪፖርት ደግሞ በዲፕሎማሲው ዓለም ባልተለመደ ድፍረት በሥልጣን ላይ የነበሩትን የቶጎና የቡርኪና ፋሶ መሪዎች ሳይቀር በስም ጠቅሶ በማዕቀብ መጣስ ከሰሳቸው። የኪምበርሊ ሂደት የተባለው የአልማዝ ምስክር ወረቀት ሥርዓት በ2003 ሥራ የጀመረው በአንጎላ፣ በሴራሊዮንና በሌሎችም አገሮች ከታየው ከዚህ ጥፋት በኋላ ነው። የዩኒታ መሪ ዮናስ ሳቪምቢ በየካቲት 2002 ተገደለ፤ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ስምምነት ተፈረመ። በማዕቀቡና በጦርነቱ የተዳከመው ዩኒታ ዛሬ የአንጎላ ዋና ተቃዋሚ ፓርቲ ሲሆን በ2022 ምርጫ ከ220 የምክር ቤት መቀመጫዎች 90ውን አግኝቷል። የአልማዙ መንገድ ባይጠብበት ኖሮ ሳቪምቢን ማሳደድም ይህን ያህል አይሳካም ነበር ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ መቁረጥ ያለውን ኃይል የማልንቀው ለዚህ ነው።

ግብር ሰብሳቢው ቡድን ግን ከሁለቱም ይለያል። ፋርክ የተባለው ግራ ዘመም አማፂ ቡድን በኮሎምቢያ ገጠር ኮኬይን የሚሠራበትን ኮካ ከሚያመርተው ገበሬና ከነጋዴው ቀረጥ ይወስድ ነበር፤ በ2000 ደግሞ ሀብታቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ሰዎችና ድርጅቶች ግብር እንዲከፍሉት፣ ካልከፈሉ እንደሚታገቱ የሚያዝ የራሱን «ሕግ» አወጣ። አልሸባብም በከሰል የሚያገኘውን ገቢ ብቻ ይዞ አልተቀመጠም። የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 2012 ውሳኔ ቁጥር 2036ን አጽድቆ የሶማሊያን ከሰል ንግድ አገደ፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት የኪስማዮን ወደብ ተነጠቀ። ከሰሉ ከዚያም በኋላ መጫኑን አላቆመም፤ ቡድኑ ድርሻውን በየመንገዱ ይቀበል ነበር። እየዋለ እያደረ ደግሞ ከከሰል ይልቅ የኬላ ቀረጥ፣ በዘካ ስም ከከብትና ከእህል የሚወሰደው ድርሻ፣ በራሷ በሞቃዲሾ ወደብ በኩል በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ክፍያ በለጠ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የቡድኑን ዓመታዊ ገቢ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይገምተዋል። ይህ ገቢ የተመሠረተው አንድ ቦምብ ሊያወድመው በሚችል ሀብት ላይ አይደለም። የመርከብ ጭነት ዝርዝር በሚያውቁ ሠራተኞች፣ በስልክ በሚላክ ገንዘብ፣ ሰው እምቢ ቢል ማን ቤት እንደሚኬድ በሚያውቁ መረጃ አቀባዮች ላይ የቆመ ነው። መንግሥት የራሱን ግብር በሥርዓት መሰብሰብ እስካልቻለ ድረስ እንዲህ ያለውን ተቀናቃኝ በባንክ ደንብ ብቻ ያሸንፈዋል ብሎ መጠበቅ ይከብደኛል።

ዓለም ግን የተነሣው በባንክ ደንብ ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ፣ ወሩ ሳያልቅ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1373ን አጽድቆ ሽብርን በገንዘብ መርዳትን እያንዳንዱ አገር በወንጀል እንዲያስቀጣ አስገደደ። ፋትፍ በሚል ምህጻር የሚታወቀውና ሕገወጥ የገንዘብ ዝውውርን ለመከላከል በ1989 የተቋቋመው የመንግሥታት ግብረ ኃይልም በዚያው ዓመት ጥቅምት የሥራ ወሰኑን ወደዚህ አሰፋ። የሥርዓቱን ጥቅም አልክድም፤ ትልልቅ ዝውውሮችን ማየት፣ የተጠረጠረን ሒሳብ ማገድ፣ ከጥቃት በኋላ የገንዘቡን ዱካ ተከትሎ ተባባሪዎችን ማግኘት ተችሏል። ይሁን እንጂ አንድ ጥቃት የሚጠይቀው ገንዘብ ጦር ለመቀለብ ከሚጠይቀው ጋር አይነጻጸርም። የአሜሪካው አጣሪ ኮሚሽን የመስከረም 11 ሤራ በሙሉ የጠየቀው ወጪ ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር እንደነበር ደምድሟል። ይህን የሚያህል ገንዘብ በዓለም የባንክ ሥርዓት ውስጥ ከተራ ሰው የትምህርት ቤትና የቤት ኪራይ ክፍያ ለይቶ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ተዋጊ የሚቀልብ ቡድን ግን የሚሰበስበውም የሚያወጣውም ብዙ ስለሆነ ሊደበቅ አይችልም። ሁለቱን በአንድ መረብ ለማጥመድ ሲሞከር መረቡ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ሰው ነው።

ያ ሦስተኛ ሰው ስደተኛው ነው። በኅዳር 2001 አሜሪካ አል-ባረካት የተባለውን የሶማሌ የሐዋላ ድርጅት በሽብር ገንዘብ ጠርጥራ ሀብቱን አገደች። ድርጅቱ በጊዜው በሶማሊያ ትልቁ ቀጣሪና የብዙ ቤተሰብ የገንዘብ መስመር ነበር። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች በኋላ ጉዳዩን መርምረው ድርጅቱ ለአልቃይዳ ገንዘብ ያቀብል ነበር የሚለው ክስ በማስረጃ እንዳልተረጋገጠ ጻፉ። በ2013 ደግሞ የብሪታንያው ባርክሌይስ ባንክ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ ሊዘጋ መሆኑን ሲያስታውቅ ትልቁ የሶማሌ ድርጅት ዳሃብሺል ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ አወጣ። ባንኩ ያሰላው የራሱን ቅጣት ነበር፤ ከደንበኞቹ የሚያገኘው ትርፍ ሊመጣበት ከሚችለው ቅጣት ጋር ሲመዘን ቀለለበት። በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመተው የሶማሌ ዳያስፖራ ገንዘብ የሚሄደው በአመዛኙ ለቀለብ፣ ለትምህርትና ለሕክምና ነው። መስመሩ ሲዘጋ ላኪው መላኩን አይተውም፤ ገንዘቡን በማይታይ መንገድ ይልከዋል፤ ተቆጣጣሪውም ያየው የነበረውን ያጣል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ደግሞ አንድ ወጣት በታጣቂው ደመወዝ እንዳይሳብ የሚያደርገው ከእህቱ ወይም ከአጎቱ የሚላክለት ያው ገንዘብ ሆኖ ሳለ እርሱ መቋረጡ ነው።

እዚህ ላይ ተገዶ በመክፈልና ፈቅዶ በመክፈል መካከል ያለውን ልዩነት ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ፀረ ሽብር ሕጎች ብዙ ጊዜ አይለዩትምና። ቺኪታ የተባለው የሙዝ ኩባንያ በኮሎምቢያ ኤዩሲ ለተባሉት ቀኝ ዘመም ታጣቂዎች ከ1997 እስከ 2004 ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉን በ2007 በአሜሪካ ፍርድ ቤት አምኖ 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በ2024 ደግሞ የፍሎሪዳ ዳኞች ጉባኤ ለተገደሉ ሰዎች ቤተሰቦች 38.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ላፋርዥ የተባለው የፈረንሳይ ሲሚንቶ አምራች በሶሪያ የነበረው ፋብሪካ ሥራ እንዳያቆም ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ ለሚጠራው ቡድንና ለኑስራ ግንባር ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን በ2022 አምኖ 778 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። እነዚህ ኩባንያዎች በሩ ክፍት ነበር፤ ዘግተው መውጣት ይችሉ ነበር፤ ትርፍን መረጡ። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ፍየል ጠባቂውና ሱቅ ያላት እናት ግን መውጫ የላቸውም። የሶማሊያ መንግሥት በ2022 ለአልሸባብ የሚከፍል ነጋዴ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ሲያስታውቅ ዓላማው ይገባኛል፤ ቡድኑን በገንዘብ በኩል ማድከም ተገቢ ነው። ግን ከዚህ ትእዛዝ በፊት ሊቀድም የሚገባው ነገር ነበር፤ እምቢ ያለውን ነጋዴ በሚቀጥለው ሌሊት ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ መመለስ ነበረበት። በዚያው ዓመት በሂራን አካባቢ ማዓዊስሌይ በመባል የሚታወቁት የጎሳ ሚሊሻዎች፣ በድርቅ ጊዜ እንኳ በማይቀንስ ግብርና ልጆችን ለውጊያ በመውሰድ ተማርረው በቡድኑ ላይ ሲነሱ የመንግሥት ጦር አብሯቸው ተሰልፎ ነበርና ብዙ መንደሮች መክፈል አቆሙ። ትእዛዝ ያላመጣውን ጥበቃ አመጣው።

እስላማዊ መንግሥት ብሎ ራሱን የሰየመው ቡድንም ሕዝብን በማስከፈል የከበረ ነበር። በሰኔ 2014 ሞሱልን ሲይዝ የባንክ ካዝናዎች በእጁ ገቡ፤ የሶሪያና የኢራቅ የነዳጅ ጉድጓዶችም ተከተሉ። ብዙ ያልተወራለት ግን የባግዳድ መንግሥት በቡድኑ ሥር ለወደቁ ሠራተኞቹ እስከ 2015 አጋማሽ ደመወዝ መላኩ ነው፤ መምህሩና ሐኪሙ ደመወዛቸውን ሲቀበሉ ቡድኑ ከላዩ ይቆርጥ ነበር። ደመወዙ ሲቋረጥ የቡድኑ ገቢ ቀነሰ፤ ቤተሰቦችም ተራቡ። ይህን ውሳኔ ትክክል ወይም ስሕተት ብሎ በአንድ ቃል መፍረድ ይከብደኛል። የነዳጅ ቦቴዎቹና በሞሱል ገንዘብ የተከማቸባቸው ቤቶች በአየር ድብደባ ወደሙ፤ ይሁንና ገቢውን በመጨረሻ ያደረቀው ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ከእጁ መውጣቱ ነበር።

ወደ ሰላም መመለሱ ግን ሌላ ሥራ ነው። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2008 ባሳተመው ጥናት ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 ቡድኖችን መርምሮ ነበር። ሕልውናቸው ካከተመው ቡድኖች መካከል 43 በመቶው ወደ ፖለቲካ ሂደት በመግባት፣ 40 በመቶው በፖሊስና በስለላ ሥራ፣ 10 በመቶው ዓላማቸውን በማሳካት፣ 7 በመቶው ብቻ በወታደራዊ ኃይል እንዳበቁ አገኘ። ቁጥሩን ስንጠቅስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከተቆጠሩት ብዙዎቹ ትንንሽ ቡድኖች ነበሩ፤ ትልልቅና ሰፊ ግዛት የያዙ አማፂዎች ጉዳይ ከዚህ ይወሳሰባል። ቢሆንም መንግሥታት በጀታቸውን የሚመድቡበት ቦታና ቡድኖች የሚያበቁበት መንገድ ምን ያህል እንደተራራቀ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የምመለስበት ምሳሌ እንደገና ሞዛምቢክ ነው። የሮም ስምምነት በጥቅምት 1992 በሳንት ኤጂዲዮ የካቶሊክ ማኅበረሰብ አስታራቂነት ተፈረመ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ተወካይ የነበረው ጣሊያናዊው አልዶ አጄሎ በቶሎ የተረዳው ነገር ነበር፦ ሬናሞ ከጫካ ወጥቶ በማፑቶ ቢሮ ለመክፈት፣ እጩዎቹን ልብስ አልብሶ ለምርጫ ለማቅረብ፣ ወኪሎቹን በየአውራጃው ለመላክ ምንም ገንዘብ አልነበረውም። ጣሊያን ከፍተኛውን ድርሻ የሰጠችበት ለሬናሞ የተለየ የአደራ ፈንድ ተቋቋመ፤ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከ1993 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ መሪው አፎንሶ ድላካማ በወር 300 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር። ብዙዎች ይህን ጉቦ ብለውታል፤ በጦርነቱ ዘመዶቻቸውን ያጡ ሰዎች ምሬት ደግሞ ትክክለኛ ምሬት ነው። የገዳዮች አለቃ ቪላ ሲሰጠው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን ያ ገንዘብ ባይኖር ምን ይሆን ነበር ብዬ ስጠይቅ መልሱን አንጎላ ትሰጠኛለች፤ በዚያው በ1992 ዩኒታ ከምርጫ ወደ ጦርነት ሲመለስ አልማዝ ይጠብቀው ነበር፤ ሬናሞን የሚጠብቀው ግን የፓርቲነት በጀት ነበር። ድላካማ በጥቅምት 1994 በምርጫው ዋዜማ ራሴን አገልያለሁ ቢልም ብዙ ሳይቆይ ተለምኖ ተመለሰ፤ ፓርቲውም ከ250 መቀመጫዎች 112 አገኘ። ከሁለቱም ወገን ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ተዋጊዎች ትጥቅ ሲፈቱ ለሁለት ዓመት በየጊዜው የሚቀበሉት ክፍያ ታሰበላቸው፤ ክፍያውን የሚወስዱትም በመረጡት አካባቢ ባለ ባንክ ነበር። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየውን ከአዛዡ ነጥሎ ከቤተሰቡ አጠገብ ለማቆየት የተሻለ ዘዴ መፈለግ ከባድ ነው።

ሞዛምቢክ እንከን የለሽ ምሳሌ ናት ማለቴ አይደለም። የቀሩት የሬናሞ ታጣቂዎች በ2013 እንደገና ተኮሱ፤ አገሪቱ በነሐሴ 2019 አዲስ ስምምነት አስፈለጋት፤ የመጨረሻው የሬናሞ የጦር ሰፈር የተዘጋውም በሰኔ 2023 ነው። ከ5 ሺህ የሚበልጡ ተዋጊዎችን ባካተተው በዚህ ሁለተኛ ዙር ዋናው ጭቅጭቅ ጡረታ ነበር። አንዳንዱ ሰው ወጣት ሆኖ የገባበትን ጫካ ሽማግሌ ሆኖ ለጡረታ ደብተር ለቀቀው።

በገንዘብ ብቻ የማይሸፈነው ግን የሕይወት ዋስትና ነው፤ በዚህ ረገድ ኮሎምቢያ ሁለቱንም ገጽ አሳይታናለች። በ1985 ፋርክ ከመንግሥት ጋር በሚነጋገርበት ወቅት አርበኞች ኅብረት የተባለ ሕጋዊ ፓርቲ ተመሠረተ። የፓርቲው አባላት፣ ከንቲባዎችና ሁለት የፕሬዚዳንትነት እጩዎች ጭምር፣ በተከታታይ ተገደሉ፤ የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2023 ከ6 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ተጎጂዎች የኮሎምቢያን መንግሥት ተጠያቂ አድርጓል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ የፋርክ ተዋጊ ሕጋዊ ፖለቲካን እንደ ወጥመድ ቢያየው ማን ይፈርድበታል? ኤም-19 የተባለው ሌላው ቡድን ደግሞ በመጋቢት 1990 ትጥቁን አስረከበ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ መሪው ካርሎስ ፒሳሮ አውሮፕላን ውስጥ ተገደለ። ጓዶቹ ወደ ጫካ አልተመለሱም። በቀጣዩ ዓመት አንቶኒዮ ናቫሮ ቮልፍ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ጉባኤ ከመሩት ሦስት ሊቀ መናብርት አንዱ ሆነ፤ የቡድኑ አባል የነበረው ጉስታቮ ፔትሮ በ2022 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ተመረጠ። ልዩነቱን ሳስበው ኤም-19 ሥልጣን የሚጋራበት እውነተኛ በር በፍጥነት ስለተከፈተለት ይመስለኛል፤ ቁጭታቸውን የሚያውሉበት ቦታ አገኙ።

በር መክፈት ሲባል ገቢን መጋራትንም ይጨምራል። የኢንዶኔዢያዋ አቼ ግዛት አማፂዎች ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ በፊንላንዳዊው ማርቲ አህቲሳሪ አደራዳሪነት በነሐሴ 2005 በሄልሲንኪ ሲፈራረሙ 840 የጦር መሣሪያ አስረክበዋል፤ ግዛቷ በበኩሏ ከነዳጅና ከጋዝ ገቢዋ 70 በመቶውን እንድታስቀር ተፈቀደላት። ጠባቸው የጀመረው በዋናነት በዚያ ጋዝ ነበርና ስምምነቱ ወደ ምክንያቱ ሄደ። በሰሜን አየርላንድ በተቃራኒው ጊዜ ነበር ዋናው መሣሪያ፤ የብሪታንያን አገዛዝ ይዋጋ የነበረው አይአርኤ የተባለው ታጣቂ ቡድን ተኩስ ካቆመበት ከነሐሴ 1994 አንሥቶ ትጥቁን መጨረሱ እስከተረጋገጠበት እስከ መስከረም 2005 አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በመካከሉ፣ በታኅሣሥ 2004፣ ከቤልፋስት ባንክ 26.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተዘርፎ የብሪታንያና የአየርላንድ መንግሥታት አይአርኤን ከሰሱ፤ እርሱ አልተቀበለም። ድርድሩ ተንገዳገደ እንጂ አልፈረሰም።

ስለ አክራሪ ቡድኖች ሲነሳ «እነዚህ በእምነት እንጂ በጥቅም አይመሩም፣ አይመለሱም» የሚል ክርክር እሰማለሁ፤ የግብፅ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። የግብፁ ጋማዓ ኢስላሚያ መሪዎች በሐምሌ 1997 ከእስር ሆነው ጥቃት እንዲቆም ጥሪ አቀረቡ። በኅዳር ከቡድኑ የወጡ ሰዎች ሉክሶር ላይ 62 ሰዎችን ፈጁ፤ ጥሪው የሞተ መሰለ። ሆኖም መሪዎቹ በአቋማቸው ጸንተው በራሳቸው የሃይማኖት ትምህርት መሠረት የቀድሞ ፍርዳቸውን የሚሽሩ ጽሑፎችን አወጡ፤ መንግሥትም ከእስር ቤት እስር ቤት እየተዘዋወሩ ተከታዮቻቸውን እንዲያሳምኑ ፈቀደላቸው። በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች በየጊዜው ተለቀቁ፤ ቡድኑም ወደ ጥቃት አልተመለሰም። ተከታዩን ያሳመነው መንግሥት የቀጠረው ሰባኪ አልነበረም፤ አብሮት የታሰረ የራሱ መሪ ነበር።

የወጡትን መቀበል ላይ ግን መንግሥታት ብዙ ጊዜ ይሰናከላሉ። ሙክታር ሮቦው የአልሸባብ ምክትል መሪ የነበረ ሰው ነው። በ2017 ከቡድኑ ተለይቶ ለመንግሥት እጁን ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ለደቡብ ምዕራብ ክልል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በምርጫው ዋዜማ በታኅሣሥ ታሰረ፤ በባይዶዋ በተቀሰቀሰው ተቃውሞም ሰዎች ሞቱ። በሰውየው ላይ ያለው የደም ዕዳ ቀላል አይደለም፤ ፍርድ ይገባው ነበር ለሚል ሰው መልስ የለኝም። ነገር ግን የታሰረው በድሮ ወንጀሉ ተከሶ ሳይሆን ሊያሸንፍ በመቻሉ መስሎ ሲታይ፣ በጫካ ለቀሩት አዛዦች የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር። በነሐሴ 2022 የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ስንት ሌላ አዛዥ መውጣትን አስቦ እንደተወው የሚቆጥር የለም።

የኮሎምቢያ መንግሥት ከፋርክ ጋር በኅዳር 2016 ሲፈራረም እነዚህን ትምህርቶች አብዛኞቹን በወረቀት ላይ አስፍሯቸዋል። ተዋጊዎቹ 8,994 መሣሪያ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዑክ አስረከቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ለሁለት ዓመት ከዝቅተኛው ደመወዝ 90 በመቶ፣ ለሥራ ማቋቋሚያ ደግሞ 8 ሚሊዮን ፔሶ ተመደበላቸው፤ ለሁለት የምርጫ ዘመን 10 የምክር ቤት መቀመጫ ተረጋገጠላቸው። ፋርክ የለቀቃቸውን ሸለቆዎች ግን መንግሥት ቶሎ አልሞላቸውም። የተገነጠሉ ተዋጊዎችና ሌሎች ታጣቂዎች ገብተው የኮካውን ቀረጥ ካቆመበት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከፊርማው ወዲህ ከ400 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎች ተገድለዋል። ወደ 99 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች ኮካቸውን በገዛ እጃቸው ነቅለው ሌላ ሰብል ለመትከል በመንግሥት መርሐ ግብር ተመዝግበው ነበር፤ ብዙዎቹ ኮካውን ነቀሉ፤ ለአዲሱ ምርት ማቋቋሚያ ቃል የተገባው ድጋፍ ግን ለዓመታት ዘገየባቸው። መርሐ ግብሩን በየመንደሩ ሲያስተባብሩ ከነበሩ የገበሬ መሪዎችም የተገደሉ አሉ፤ የገደሏቸው ደግሞ ኮካው ሲነቀል ቀረጣቸው የቀረባቸው ታጣቂዎች ናቸው።